ፓምፕ ቁጥር አራት ስላቋረጠችው ሽምግልና ለአሳዳሪዋ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

አስቀድሞ ለሕዝብ የሚነገር አንድ ከባድ ዜና አለ። ባለፈው እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ከዚህ የስደት በረሃችን እጅግ ርቃ በውቅያኖስ ዳር የቆመችው ፓምፕ ቁጥር አራት ከወትሮዋ ጥቂት ሞቅ ብሏት ነበር። ወዲያው ተደርሶላት፣ ግፊቷ ተቀንሶላት፣ አሁን በመልካም ጤንነት ላይ ትገኛለች። ስትጨነቁላት የሰነበታችሁ እንኳን ደስ አላችሁ። ያልተጨነቃችሁ ደግሞ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ለክቡር ኢንጂነር ኤዛና ገብረጻድቅ፣
የባሕር ውሃ ማጣሪያ ፓምፖች የርቀት መቆጣጠሪያ ማዕከል ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ኢንስፒራዳ ሰፈር አጠገብ።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ማዕከልዎ ኤርኮንዲሽን ሳይቋረጥ ይኑርልን። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና ፓምፖችዎ እንደምን ሰንብተዋል? ፓምፖቹን ከቤተሰቡ ጋር ደርቤ የጠየቅሁት በድፍረት ሳይሆን የቤትዎን ማዕርግ ስለማውቅ ነው፤ እንዲያውም እነርሱን ማስቀደም ይገባኝ ነበር። ድሮ "አንተ ኤዛና" እያልኩ እጠራዎት እንደነበር አልዘነጋሁም፤ ነገር ግን ግድግዳ በሚያህል ስክሪን ፊት የሚቀመጥ ሰው አንቱ ሊባል ይገባዋል ብዬ አፌን አርሜያለሁ።

እኔ በሰንራይዝ ማነር ሰፈር የምኖር፣ ጡረታ የወጣሁ፣ የራሴ ሥራ ስለሌለኝ በሰው ሥራ የምገባ ሽማግሌ ነኝ። የልጅ ልጄ ሮሐ ከእኛው ጋር ትኖራለች፤ በማዕከልዎ ትሠራለች። ከሁለታችን ማን ይበልጥ እንደሚያያት ክርክር የለንም፤ እርስዎ ነዎት።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ እንዳይጨልምበት፣ የማዕከሉን ሥራ ሮሐ ባስረዳችኝ መጠን ልናገር። በባሕሩ ዳር የጨው ውሃ በብርቱ ግፊት በማጣሪያ ውስጥ ይገፋል፤ ጨው ወዲያ ይቀራል፣ የሚጠጣው ወዲህ ያልፋል። መግፋቱ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ማጣሪያው በዝቃጭ ሲደፈን ደግሞ ፓምፗ አፍንጫው እንደ ተዘጋ ሰው እያለከለከች የባሰውን ትበላለች። ስለዚህ በየፓምፑ ላይ ሙቀትን፣ ንዝረትንና ግፊትን የሚያዳምጡ ሴንሰሮች ተገጥመዋል። እነርሱ የሰሙትን ወደዚህ ይልካሉ፤ እዚህ ያለው ሲስተም የትኛው ማጣሪያ መቼ ይታጠብ፣ የትኛዋ ፓምፕ ትረፍ፣ የትኛዋ ትተካት የሚለውን ብልሽቱ ሳይመጣ ይናገራል። ያው ውሃ ባነሰ መብራት ይወጣል ማለት ነው። ባሕር በሌለበት ከተማ ተቀምጦ ባሕር መጠበቅ መጀመሪያ አስቆኝ ነበር። ግን የሐይቃችን ውሃ ሸሽቶ በድንጋዩ ላይ የተወውን ነጭ ቀለበት ያየ ሰው በዚህ ሥራ አይቀልድም። እኔ የምቀልደው በእርስዎ ነው።

አንደኛ፦ ሲስተምዎ ስማርት ነው ይባላል፤ እውነት ነው፣ ይማራል። በማዕከልዎ ተረኛ የሚሆኑ ልጆች ብዙ ናቸው። አላርም በጮኸ ቁጥር ግን አንዱ ሊፍት ውስጥ ነበርኩ ይላል፣ ሌላው ስልኬ ቻርጅ አልነበረውም ይላል፤ የእኛዋ ሮሐ በመጀመሪያው ጩኸት ታነሣለች። ሲስተሙም ይህንን ተመልክቶ፣ ማንም ሳያዘው፣ ቶሎ የምታነሣውን አስቀድሞ መጥራት ለመደ፤ ቀጥሎም ሌሎቹን መጥራት ጨርሶ ተወ። እርስዎም አይተው ዝም አሉ። ፓምፖቹ ዘንድ አንዷ ስትደክም ጭነቷ ለእኅቶቿ ይከፋፈላል፤ ሰዎቹ ዘንድ ሲደርስ ግን ደኅና አድርጋ ለተሸከመችው ይጨመርላታል። ባለቤቴ ብርቅታይት ይህን ስትሰማ፣ "ታዲያ ለልጅቷም አንድ ሴንሰር አይለጥፉላትም?" ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋን ሳልቀንስ ሳልጨምር አቅርቤያለሁ።

ሁለተኛ፦ አላርሞቹ ቀለም አላቸው። ቀይ ማለት አሁኑኑ ድረሱ፣ ቢጫ ማለት እስከ ነገ እዩት ማለት ነው። ክቡርነትዎ ግን በዓመቱ ሪፖርት ላይ የተቆጠበው ኤሌክትሪክ አምሮ እንዲታይ፣ ቢጫውም እንደ ቀይ እንዲጮህ አዘዋል። እኔ በዚህ ሕግ ማሪላንድ ፓርክዌይ ጎዳና ላይ መኪና ብነዳ፣ ከኋላዬ ያለው ሰው ምን እንደሚለኝ እርስዎም አይጠፋዎትም። ሮሐን "አንዷን ቢጫ ብታሳልፊያትስ?" ብላት፣ "አባባ፣ ካላነሳሁ ሲስተሙ ሪፖርት ያደርገኛል፤ የሥራ ግምገማው ሪቪው ደግሞ ደርሷል፣ ፕሊስ" አለችኝ። ከዚህ የተነሣ፣ አዘውትራ የምትጮኸውም ፓምፕ ቁጥር አራት ስለሆነች፣ በቤታችን ጠዋት ከእግዚአብሔር ሰላምታ ቀጥሎ ብርቅታይት የምትጠይቀው፣ "ያቺ አራተኛዋስ እንዴት አደረች?" ብላ ነው። በእርጅናችን የወለድናት ልጅ መስላን ለምደናታል፤ የቀረን ስም ማውጣት ነው።

ሦስተኛ፦ ወደ እሑዱ መጣሁ።

ማኑ የሚባል፣ በሆቴል ተቀጥሮ ሌሊት የሚሠራ ጨዋ ልጅ፣ ሮሐን ወድዶ፣ እርሷም ወድዳው፣ እንደ ወጉ ሦስት ሽማግሌ ላከ። አፍ የሆኗቸው አቶ ወልደሥላሴ ናቸው። የሮሐ አባት፣ ልጄ፣ በስንት ልመና ሺፍቱን ለውጦ ቤት ዋለ። ሽማግሌዎቹ ገብተው ተቀመጡ ሲባሉ፣ እንደ ደንቡ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። እኔም እንደ ደንቡ የመጡበትን ፈጽሞ የማላውቅ መስዬ ፊቴን አኮሳተርኩ። ሮሐን፣ እዚህ የተወለደች ልጅ ስለ ራሷ የሚባለውን ትስማ ብለን፣ አጠገባችን አስቀምጠናት ነበር። አቶ ወልደሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ከማኑ ቅድመ አያት ጀምረው፣ እያንዳንዱን ዘመድ እያስተዋወቁ በዝግታ ወርደው ወርደው፣ "እንግዲህ ልጃችሁን ለልጃችን" ከምትለው ሲደርሱ የሮሐ ስልክ ጮኸ።

ልጅቷ ስልኩን አየች፤ ፊቷ ጠቆረ፤ "ሶሪ፣ ይሄን አሁን ቼክ ካላደረግሁ አይሆንም" ብላ ላፕቶፗን አንሥታ መኝታ ቤት ገባች፤ በሩም ተዘጋ።

ክቡርነትዎ ወጉን የሚያውቁ ሰው ነዎት። ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን የተለመነችው ልጅ ፊቷን አጥቁራ ተነሥታ ከሄደች፣ ነገሩ አስተርጓሚ አይፈልግም። አቶ ወልደሥላሴ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ "መልሱ ደርሶናል፤ ልጅቷን አታስጨንቋት" አሉና ወንበር ሳይነኩ ወጡ። ማኑ ታች ፓርኪንግ ውስጥ መኪና አስነሥቶ ይጠብቅ ነበር፤ "እንዴት ሆነ?" ቢላቸው፣ "ንዳ" ብቻ አሉት አሉ። ሮሐ ፓምፕ ቁጥር አራትን አሳርፋ፣ ሥራዋን ለሌላይቱ ሰጥታ፣ እየሣቀች ስትወጣ ባዶ ወንበሮች ጠበቋት። "ኦኬ፣ የት ደረሳችሁ?" አለችን።

አላርሙ ቢጫ ነበር።

አራተኛ፦ እውነቱን ብናገር ይፈታል ብዬ ለአቶ ወልደሥላሴ ደወልኩ። ልጅቷ የሄደችው ጠልታ ሳይሆን በባሕሩ ዳር ያለች ፓምፕ ሞቅ ብሏት ነው አልኳቸው። ባልናገር ይሻል ነበር። "አቶ ተክለማርያም፣ እምቢታስ ክብር ነበረው፤ በፓምፕ የተበለጠ ሙሽራ ይዤ ዳግመኛ የሰው ደጅ አልቆምም" አሉኝ። የማኑ አባት ደግሞ ከሀገር ቤት ደውለው፣ ልጄ በሽማግሌ ፊት ወደ ተናቀበት ቤት ምርቃቴን አልልክም አሉ። ማኑ ራሱ አልተቀየመም፤ እርሱም የሺፍት ሰው ስለሆነ አላርም ምን እንደሆነ ያውቃል። ነገር ግን ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም ይላል። ሮሐም ያለ አባትህ ምርቃት አግባኝ አልልህም ትለዋለች። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሁለቱም ምግብ አስጠልቷቸዋል። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የማልቀልድባት ቦታ ብትኖር ይህች ናት።

አምስተኛም ነበረኝ፤ ብርቅታይት ከትከሻዬ በላይ እያነበበች "አሁንስ በቃህ፣ ሰውየውን ልታሳምመው ነው" ስላለችኝ ትቼዋለሁ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ምስጋና ብነፍግዎ ነውር ይሆንብኛል። በዚያ እሑድ ከፓምፕ ቁጥር አራት የተረፈው ኤሌክትሪክ፣ ሮሐ እንደ ገመተችው፣ አንድ ካዚኖ ደጃፉን ለአፍታ የሚያበራበትን ያህል ነው። ስላተረፉልን ብርሃን ከልብ እናመሰግናለን፤ ሰርግ ቢኖረን ኖሮ አዳራሹን እናደምቅበት ነበር። ደግሞም ቤተሰባችን በሙሉ ስለ ማጣሪያ መደፈን እንዲማር አድርገዋል። ማኑ እንኳ ዛሬ ስለ ሮሐ ሲጠይቀኝ አስቀድሞ የአራተኛዋን ሙቀት ይጠይቃል፤ ባላንጣውን ማወቁ ነው መሰለኝ።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም በዚሁ ወግ ያገቡ ነዎት። በዊንቸስተር ሰፈር፣ በአማትዎ ቤት፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ከቆሙት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። እርስዎ መኪና ውስጥ ተቀምጠው "ምን አሉ? እሺ አሉ?" እያሉ ደጋግመው ሲደውሉ፣ ይሄ ቢጫ ነው፣ እስከ ነገ ይቆይ አላልኩም። ኮሪደር እየወጣሁ አነሣሁልዎት።

ስለዚህ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። አቶ ወልደሥላሴ በስንት ምልጃ፣ "የፓምፗ ጌታ ራሱ ቃል ይስጠኝ እንጂ በመጪው እሑድ እመለሳለሁ" ብለዋል፤ እርሳቸው ከተመለሱ የማኑ አባትም ምርቃታቸውን አይነፍጉም። እንግዲያው በዚያች እሑድ ቢጫው ለሌሎቹ ልጆች ይጩህ፤ ቀይ ከመጣ ክቡርነትዎ ራስዎ ያንሡት፣ እጅዎ እንዳይረሳው። ከዚያም ወዲያ ሲስተሙ በሰው ላይ ጭነት ማካፈልን ይማር፤ በፓምፕ ላይ የቻለ በሰው ላይ አያቅተውም፣ አስተማሪ ቢያገኝ። ይህንኑ በአንድ መስመር ጽፈው ለአቶ ወልደሥላሴ ይላኩላቸው።

ለመጻፍ ጊዜ ካጡ ደግሞ አይጨነቁ፤ ሽማግሌዎቹ ተማክረውበታል። ልጅቷ ማን ሲጠራት እንደምትነሣ በዓይናቸው ስላዩ፣ መጀመሪያውንም ጥያቄውን ለአያቷ ማቅረባችን ስሕተት ነበር፣ አሳዳሪዋ ሌላ ነው ብለዋል። እስከ ሐሙስ ቃልዎ ካልደረሰ፣ ዓርብ ጠዋት ሦስቱም ነጠላቸውን ለብሰው ማዕከልዎ ይመጣሉ፣ ከትልቁ ስክሪን ፊት ይቆማሉ፣ ሮሐን ለማኑ እንዲድሩለት እርስዎን ይለምናሉ። ወንበር አያስመጡ፤ ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡም። አቶ ወልደሥላሴ ዘሩን ከቅድመ አያት ጀምረው ይቆጥራሉ፤ ጉልበታቸውን ደግሞ ክፉኛ ስለሚያማቸው ብዙ መቆም አይሆንላቸውምና፣ እባክዎ ስለ ነፍስ ብለው ቶሎ እሺ ይበሏቸው።

ስለ ፓምፕ ቁጥር አራት ቅዝቃዜ ዘወትር የሚጸልይ፣ ከእርስዎ አንድ እሑድ ሊበደር በትሕትና ደጅ የሚጠና፣ ሽማግሌዎ የነበረና ዛሬ አቤት ባይዎ የሆነ፣

ተክለማርያም ንጉሤ፣
ከሰንራይዝ ማነር።

ማስታወሻ፦ ደብዳቤን በውሸት ማሸግ ኃጢአት ነውና፣ ከጻፍኩት ሁሉ የፈጠርኩት አንድ ነገር መኖሩን ልናዘዝ። አቶ ወልደሥላሴን ጉልበታቸውን ምንም አያማቸውም። ጡረታ የወጡት በሆቴል በር ላይ ቆመው እንግዳ ከመቀበል ሥራ ነው፤ እስከ ማታ ይቆማሉ።