ለሦስት ረዳቶች ሦስት የተለያየ ወረቀት ላደሉት ዋና አሰልጣኝ

ይድረስ ለተከበሩ የሎክሪጅ ኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ዋና አሰልጣኝ፣ ለኮች ራንስ ሃልበርት፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጉልበትዎ እንዲጠና፣ በመጮህ የደከመው ጉሮሮዎም እንዲሽር ከልብ እመኛለሁ።

የልጄን የክሊዮፈስ ፔትዌይን ሞት የሰማሁት በጥር ወር፣ ማክሰኞ ቀን፣ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት የመዘምራኑን ልብስ ጠርዝ ስሰፋ ነው። ተጫዋች እንዲመለምልልዎ ቴነሲ ልከውት፣ እዚያው ልቡ ቆመ። ስምንት ዓመት ለሯጩ መንገድ የሚከፍቱትን የግንባር ተጫዋቾችዎን ያሰለጠነ ሰው ነውና እርስዎ ራስዎ ይደውላሉ ብዬ ነበር፤ የደወለችው ግን ጸሐፊዎ ናት። «ሚስ ኤርሊን፣ በጣም አዝናለሁ። ኮች የአበባ ጉንጉኑ በቡድኑ ቀለም ብርቱካናማ ይሁን ወይ ብለዋል» አለችኝ። ስለ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ። ልጄ ብርቱካናማ አይወድም ነበር፤ ግን ስምንት ዓመት ለብሶታልና አንድ ቀን ቢጨመርበት አይቀየምም።

እኔ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ስሠራ የኖርኩ ሴት ስለሆንኩ መጻፍ ቶሎ አይሆንልኝም፤ ይህን ለመጨረስ እስከ ነሐሴ ቆይቻለሁ። ቅሬታዬንም እንዳልረሳው ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

አንደኛ፤ በቀብሩ ላይ «እኔና ክሊዮ አንድ እጅ ነበርን» ብለው ስለተናገሩ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ረዳቶችዎ በሙሉ የዚያን ጊዜ ጫማቸውን ያዩ ነበር። ጫማቸው አዲስ መስሎኝ እኔም አየሁት፤ አዲስ አይደለም።

ሁለተኛ፤ ከቀብር መልስ የኳስ ተሸካሚ ሯጮቹ አሰልጣኝ ዱዌይን ትራስክና የኳስ ተቀባዮቹ አሰልጣኝ ሌስተር ኦግልዝቢ ወጥ ቤቴ ገብተው ሳህን ያጥቡልኝ ነበር። የኮሌጁ ንብረት ካለበት ብዬ የክሊዮን ጃኬት ሰጠኋቸው። ከኪሱ አንዲት ወረቀት ወጣች፤ ባለፈው ጥቅምት የተዋረድንበትን ጨዋታ የከፈትንባቸው የአስራ አምስቱ እንቅስቃሴዎች ዝርዝር።

«ይሄ ነገር ልክ አይደለም» አለ ዱዌይን። «የመጀመሪያዋ ሩጫ ወደ ቀኝ ናት።»

«አንተ ደግሞ መነጽርህን አድርግ! ወደ ግራ ይላል» አለ ሌስተር።

«እሱን እኮ ነው የምልህ፣ የኔው ቀኝ ነው የሚለው!»

«የኔ ደግሞ ሩጫም የለው፤ ረጅም ኳስ ነው።»

የየራሳቸውን ከየመኪናቸው አምጥተው ከዶሮው ሳህን አጠገብ ሦስቱን ዘረጉ። በየወረቀቱ ጥግ በእጅ ጽሑፍዎ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚል ቁጥር አለ። እርስዎ ምስጢር ለተጋጣሚ የሚሸጥ ረዳት አለ እያሉ ዓመቱን ሙሉ ሲያጉረመርሙ ስለነበር ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ለእያንዳንዱ የተለያየ ወረቀት ሰጥተው፣ ለሌላው ያሳየ ይባረራል ብለው፣ የትኛው ወረቀት ወጥቶ እንደሚሸጥ አይተው ሻጩን ሊያጠምዱ ኖሯል። ጥሩ ብልሃት ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ጨዋታው ሳይጀመር፣ ለሁሉም ትክክለኛውን መስጠት ባይረሱ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ይሆን ነበር።

የሆነውን ሰባት ሺህ ሰው አይቶታል። የግንባሩ ልጆች ወደ ግራ፣ ሯጩ ብቻውን ወደ ቀኝ፣ ተቀባዮቹም ማንም ያልወረወረውን ኳስ ፍለጋ እስከ ሜዳው ጫፍ። አንድ ነገር ግን ልመስክርልዎ፤ ተጋጣሚያችን በዚያ ቀን ዕቅዳችንን አላወቀም። እኛም አላወቅነውም።

ሦስተኛ፤ ያን ቀን ክሊዮ ከሜዳው በላይ ካለው የረዳቶች ክፍል በጆሮ ማዳመጫው «ኮች፣ የሆነ ነገር ተበላሽቷል፣ ጨዋታውን ያስቁሙ!» እያለ ይጮህ ነበር። እርስዎ መስመሩን ዘግተውት ነበር። ረዳትን ለማያምን ሰው ጆሮውን ስለሚያሞቅለት ማዳመጫው ይጠቅማል መሰለኝ።

ከዚያም ከጥብስ ቤቱ ሆነው በሚያቀርቡት የሐሙስ የሬዲዮ ፕሮግራምዎ፣ የጎድን አጥንት እየጋጡ «ክሊዮ ወረቀቱን አሳስቶ አነበበ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነዳጅ ማደያው ላይ «ግራና ቀኙን የማያውቀው» ይሉት ነበር። ይህን እንኳ ይችለው ነበር። ያልቻለው ሌላ ነው። በኅዳር፣ ለምስጋና ቀን በዓል መጥቶ፣ ምግቡን ወደ ጎን ገፍቶ፣ ያቺን ወረቀት በጣቱ መስመር በመስመር እየተከተለ «እማ፣ የቱ ላይ ነው የተሳሳትኩት?» አለኝ። እኔም እናቱ «ደክሞህ ይሆናል ልጄ» አልኩት። አምኜዎት ነበር ማለት ነው። እሱም አምኖዎት፣ የራሱን ዓይን ተጠራጥሮ ሞተ።

አሁን የዘንድሮው ጨዋታ ሊጀመር፣ ሬዲዮውም ሊከፈት ነው። የምለምንዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ክሊዮ ወረቀቱን በትክክል አንብቦታል።» ከማኘክዎ በፊት ቢሉት ለሁሉም ይሰማል።

ለክብርዎ የሚገባውን ሁሉ ከነልኩ የምታከብርዎት፣ ከጀርባዎ ሳይሆን ፊት ለፊት የጻፈችልዎ፣
ኤርሊን ፔትዌይ፣ የክሊዮፈስ እናት

በተጨማሪ፤ ይህን ሁሉ የትኛው ረዳት እንደነገረኝ ለማጣራት ሌላ ወጥመድ እንዳያዘጋጁ አደራ። ሁሉም ነግረውኛል።

እናንተም ይህ ግልጽ ደብዳቤ ደርሷችሁ የምታነቡት ወገኖች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለኮች ሃልበርት የሚጸልይ ሕዝብ ሞልቷል። እሑድ ስትንበረከኩ ግን፣ ሳያጠፋ ጥፋቱን ሲፈልግ ለሞተው ለልጄ ለክሊዮፈስ ጸልዩልኝ፤ ነፍሱ አርፋ መፈለጉን ታቁም።