ለእህቴ ስለ በቀለላት ጣት

ለተከበሩ የ«ትናንት በቀለም» የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አርባ ምንጭ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ በተለይም የዐይንዎን። ዐይንዎን ለይቼ መጥራቴ በክፋት አይደለም፤ ያን ሁሉ ቀለም መርምሮ ያጸደቀ ዐይን ሳይደክመው አይቀርም ብዬ ነው። እኛ እዚህ ሲቀላ ሰፈር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ታላቅ እህቴ ሣራ ዳናም ከሳሏ በቀር ደኅና ናት።

ሣራ ማለት ባለሙያዎ አቶ ክብሩ ቤቷ ድረስ መጥተው፣ ያላትን አንድ የልጅነት ፎቶግራፍ «ለዐውደ ርእዩ» ብለው በአደራ የወሰዱባት ሴት ናት። ፎቶግራፉ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ በደርግ መጀመሪያ፣ ዛሬ በፈረሰው የጥጥ መዳመጫ ውስጥ የተነሣ። ሕፃናት ሠራተኞች ጥጥ በተሞላ ጆንያ ዙሪያ ቆመዋል። አባታችን ሞቶ ከጨንቻ ስንወርድ ሣራ ዐሥር ዓመቷ ነበር፤ እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት እሷ መዳመጫ ስለ ገባች ነው። በፎቶው ላይ ግራ እጇን ጆንያው ላይ አሳርፋለች፤ የቀለበት ጣቷ ግን የለም። ጥቂት ቀደም ብሎ የመዳመጫው ጥርስ ወስዶታል።

ዐውደ ርእዩ በተከፈተ ዕለት የእሑድ ልብሳችንን ለብሰን መጣን። ፎቶው ግድግዳ ሙሉ ሆኖ፣ በቀለም ተሽሞንሙኖ ተሰቅሏል። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. ስለ ልብሷ። ሣራ ያን ጊዜ የምትለብሰው እናታችን አንገቱን ቀዳ የሰጠቻትን ጆንያ ነበር። እናንተ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ዱንጉዛ አልብሳችኋታል። ዱንጉዛ በጋሞ የክብር ቀን ልብስ መሆኑን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። የሸማኔ ልጅ ነኝና ሥራውን አደንቃለሁ፤ ዱንጉዛ ለብሶ ጥጥ የሚዳምጥ ሕፃን ግን ገና ዛሬ ማየቴ ነው።

፪. ስለ ሐይቁ። ከልጆቹ ኋላ ይታይ የነበረው ነጭ ነገር የጥጥ ብናኝ ነው። እህቴን እስከ ዛሬ የሚያስላትም እሱ ነው። በእናንተ ቸርነት ሰማያዊ ተቀብቶ ጫሞ ሐይቅ ሆኗል። ፀጉራቸው ላይ የነበረውም ብናኝ ተጠርጎላቸዋል፤ መዳመጫው ራሱ ዛፍ ሆኗል። ከሥሩ «ሕፃናት በመዝናናት ላይ» ተብሎ ተጽፏል። እውነትም ዓሣ ሊበሉ የወረዱ ይመስላሉ።

፫. ስለ ጣቷ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ቃል ያጥረዋል። የእህቴ ጣት በቅሏል! ጥፍር ሳይቀር አለው። እንዴት ሆነ ብለን ስንጠይቅ፣ አቶ ክብሩ ኮምፒውተሩ ጉድለት ሲያይ በራሱ እንደሚሞላ በትሕትና አስረዱን። ከጎናችን የቆመችው የሣራ የልጅ ልጅ ሔርሜላ ግን ማስረዳቱን አልሰማችም። ፎቶውን አየች፣ የአያቷን እጅ አየች፣ ከዚያ «አያቴ፣ እዚህ ጣትሽ አለ እኮ! ማሽን በላው ያልሽኝ ውሸትሽን ነው?» አለቻት። ሣራ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። ክቡር ሆይ፣ እኔ እህቴ በዚያ እጅ ስታፍር ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

እንግዲህ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና፣ ጥርጣሬዬን ይቅር ይበሉኝ። ኮምፒውተሩ ጉድለት የሚሞላ ከሆነ በቦታው የነበረውን መዳመጫ ስለ ምን አጎደለው? ጣት ለማብቀል የደረሰ ብልሃት ጆንያን ከዱንጉዛ መለየት እንዴት አቃተው? ስትሳሳቱ ሁሉ ወደ አንድ በኩል ብቻ መሳሳታችሁስ እንዴት ያለ ዕድል ነው? መግቢያው ላይ ዝግጅቱን የደገፉ ቤተሰቦች ስም ሲነበብ፣ የቀድሞው የመዳመጫ ባለቤት ልጆች ከሁሉ በላይ ተጽፈዋል። በአጋጣሚ እንደሆነ አምናለሁ። በአጋጣሚ ማመን ለጡረተኛ ጤና ጥሩ ነው ይባላል።

፬. ስለ ዋናው ፎቶግራፍ። ልናስመልሰው ስንመጣ መጀመሪያ ማተሚያ ቤት ነው ተባልን፤ ቀጥሎ መዝገብ ቤት ነው ተባልን፤ በመጨረሻም ባለ ቀለሙ «ከበፊቱ የተሻለ» ስለሆነ እሱን ውሰዱ ተባልን። አደራ በላ የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም፤ አስተዳደጌ አይፈቅድልኝም። ነገር ግን ያቺ ወረቀት የእህቴ ምስክር ናት። አብረዋት ከቆሙት ልጆች ዛሬ በሕይወት ያለ የለም፤ መዳመጫውም ፈርሷል። ሔርሜላን «አያትሽ አልዋሸችም» የሚላት ሌላ ማን አለ? ስለዚህ ዋናው እንዲመለስልን፣ ግድግዳው ላይም በባለ ቀለሙ ፈንታ እንዲሰቀል በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

እርስዎንም ፈጣሪ ከሐሜት ይጠብቅዎ፤ ልጆችዎን ከነሙሉ ጣታቸው ያሳድግልዎ።

ቀለም ባይቀቡትም የሚያከብርዎ፣
ነህምያ ዳና
ጡረተኛ መምህር፣ ሲቀላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እህቴ ስትዳር ቀለበቷን የምታጠልቅበት ጣት ስላልነበራት በጥጥ ክር አስራ አንገቷ ላይ ይዛው ኖራለች፤ ዛሬም እዚያው ነው። አሁን ጣቱ እናንተ ዘንድ መኖሩ ስለ ታወቀ አንድ ነገር እንዲወስኑልን እንለምናለን፦ ቀለበቱን እኛ እናምጣላችሁ፣ ወይስ ጣቱን እናንተ ትልኩልናላችሁ?