የክፍሌ ጉዝጓዝ

ለእናቴ ምትክ፣ ለእህቴ ለእታለሜ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ታማርሪያለሽ ወይስ ያ ቅባት ረዳሽ? ባልሽን ጋሼን ሳሉ ለቀቀው? እመቤቲቱ ልጅሽስ ዛሬም ቤቱን በትእዛዝ ታስተዳድራለች? ትንሿ ጥርስ አወጣች? አንድ በአንድ ፊታችሁን እያሰብኩ ነው የምጠይቀው፤ ስለዚህ ስትመልሺ "ሁላችንም ደኅና ነን" ብለሽ በጅምላ አትሸኚኝ። እኔ አካሌ ደኅና ነው። ብቸኝነቱ እንዳለ ነው፤ ከሱ ጋር ተላምደናል ማለት ይቀላል።

ደብዳቤሽን መኖ የሚያመጣው ሾፌር ከከረጢቶቹ ጋር ጥሎልኝ ሄደ። ሲደርሰኝ እኔም ላንቺ ለመጻፍ ወረቀት አውጥቼ ነበር። የእርባታው አሠሪዬ፣ አሁን ያሉት ወፎች፣ ዶሮዎቹም ዳክዬዎቹም፣ ተሸጠው ሲያልቁ ትቀጥላለህ ወይስ ትሄዳለህ ብሎ ጠይቆኛል። እሄዳለሁ ልለው ወስኜ፣ ላንቺም እመጣለሁ ብዬ የምሥራቹን ልጽፍልሽ ነበር። ያንቺን ካነበብኩ በኋላ ግን ለሱም አልመለስኩለት፣ ያቺንም ወረቀት አጥፌ አስቀመጥኳት። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ። ጫጩቶች ፋታ ስለማይሰጡ አስቀድሜ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ።

መቼም ጉድ ነው! ዶሮ በደጅሽ ስታልፍ መጥረጊያ ይዘሽ የምትወጪው ሴትዮ ዶሮ አርቢ ሆንሽ? "አንዱ ክፍል ውስጥ አስገብተናቸዋል" ብለሻል። ጋዜጣ ታነጥፊላቸዋለሽ፣ በየማለዳው ሁሉንም ጠርገሽ ታወጫለሽ፣ የሲሚንቶውን ወለል በውኃ ታጥቢያለሽ፣ ከዚያ አዲስ ጋዜጣ። እንዲያም ሆኖ ያነጥሳሉ፣ አንዳንዶቹ እግራቸው ግራና ቀኝ ተከፍቶ መቆም አቃታቸው፣ የሞቱም አሉ። ሥራህ ነውና ንገረኝ አልሽ። እየሳቅሁም እያዘንኩም አነበብኩት፤ ጫጩቶቹን የሚገድላቸው ንጽሕናሽ ነው እኮ!

እባክሽ አትጠቢው። ሲሚንቶ ውኃ ከጠጣ ላይ ላዩን የደረቀ ይምሰልሽ እንጂ ብርዱ አይወጣለትም፤ ጫጩት ደግሞ ሆዷን መሬት ላይ አድርጋ ነው የምትተኛው። ጋዜጣውንም ተዪው፤ ያንሸራትታቸዋል፣ እግራቸውን የከፈተው እሱ ነው። የሚሻላቸው የእንጨት ፍቅፋቂ ነው፣ ከአናጢ መላጊያ ሥር ጥቅልል ጥቅልል እያለ የሚወድቀው። ሰጋቱራ እንዳታመጪ፤ ደቃቅ ስለሆነ ጥሬ እየመሰላቸው ይለቅሙታል፣ ብናኙም አፍንጫቸው ይገባል። ፍቅፋቂ ካጣሽ ጭድም ይሆናል፣ አሳጥረሽ ከከተፍሽው። ግን አሽቺው፤ ሻጋታ የሸተተሽን ጭድ እንኳን ለጫጩት ለጠላትም አታንጥፊ። ውፍረቱ የመዳፍሽን ስፋት ያህል ይሁን።

ካነጠፍሽ በኋላ ደግሞ እጅሽን ሰብስቢ። ይኼ ላንቺ ከሁሉም የሚከብድሽ እንደሚሆን አውቃለሁ። በየቀኑ ተጠርጎ አይወጣም። ገልበጥ ገልበጥ ታደርጊዋለሽ፣ ከላይ ደረቅ ትጨምሪበታለሽ፤ ከውኃ መጠጫቸው ዙሪያ የረጠበውን ብቻ አንስተሽ ትጥያለሽ። መጠጫውን ጡብ ላይ ብታወጪው መፍሰሱ ይቀንሳል። መርጠቡን ለማወቅ ከጉዝጓዙ እፍኝ ያዢና ጨብጪው፤ እጅሽን ስትከፍቺ ከተበተነ ደኅና ነው፣ እንደ ሊጥ ተድቦልቡሎ ከቀረ ረጥቧል። ሽታውንም ቆመሽ አትመርምሪ። ጉልበትሽን ለምኚና እነሱ ቁመት ድረስ ጎንበስ በይ፤ ላንቺ ምንም ያልሸተተሽ እነሱ ዘንድ ዓይን ያቃጥላል። መስኮቱን ከላይ በኩል ገርበብ አድርጊላቸው፣ ነፋሱ ግን ወለል ላይ አይውረድባቸው።

ስንት ጆንያ ይበቃኛል ብለሽ ነበር። ክፍሉን በሐሳቤ ማንጠፍ ጀመርኩ፤ እኔ እንዲህ ነው የማሰላው። ሲሚንቶ ወለል ብለሻል፣ መስኮቱም ወረቀት ካልተወሸቀበት አይዘጋም ብለሻል። ከበሩ ጀምሬ እየበተንኩ፣ የልብስ መስቀያዬ ሥር አልፌ፣ ወደ ግድግዳው ዞርኩና አልጋዬ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። የቀሩት ክፍሎች ወለላቸው ጣውላ ነው፣ እታለም። ባለ ሲሚንቶው የእኔ ክፍል ነው።

ልዋሽሽ አልችልም፣ ሆዴ ባባ። ለዕቃው ሳስቼ አይደለም፤ አልጋውም ሰባራ ነበር። ግን ቀድሞ የምትጽፊልኝ ሁሉ መጨረሻው "ክፍልህን ዛሬ አጥቤ አየር አስገባሁበት" ነበር። ያቺን አንዲት መስመር ለማየት ቸኩዬ ብዙ ጊዜ ከታች ነበር ማንበብ የምጀምረው። ያለፉትን ደብዳቤዎችሽን አውጥቼ ባያቸው መስመሯ ከቀረች ሰንብታለች። እንዴት እንዳላስተዋልኩ እንጃ። ምናልባት ማስተዋል አልፈለግኩም።

እዚህ የምኖርባት ክፍል ከወፎቹ የምትለየው በአንድ ስስ ግድግዳ ነው። ወዲያ ማዶ ዶሮዎቹ፣ ቀጥሎ ዳክዬዎቹ ናቸው። ዳክዬዎቹ ጣጣ ናቸው፤ ጠዋት ያነጠፍኩላቸውን ቀትር ላይ ጭቃ አድርገው ይጠብቁኛል፣ ስቆጣቸው ደግሞ ሁሉም በአንድ ላይ ይመልሱልኛል። ቀኑን ሙሉ የሚያናግሩኝ እነሱ ናቸው። አሠሪዬ በር ላይ ቆሞ በአገጩ አመልክቶኝ የሚሄድ ሰው ነው። ለነሱ እንዳይበርዳቸው፣ እንዳይረጥብባቸው ስል እውልና የራሴን አልጋ እንደተነሣሁበት ትቼው እገባበታለሁ። ማን ያየዋል?

የምወጣበት አንድ ቦታ ነበረኝ፤ አናጢው ዘንድ። ፍቅፋቂ ላመጣ እሄዳለሁ፣ እሱ እየላገ፣ እኔ ጆንያ እየሞላሁ እናወራለን። ስላንቺ ነግሬዋለሁ፤ የሌለሁበትን ክፍል ታጥባለች ስለው ሳቀና "የታጠበ ክፍል ያለው ሰው እዚህ ምን ይሠራል?" አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከዚያ ወዲህ ሰላምታው "ክፍሉ ታጠበ?" ሆነ፤ እኔም "ታጠበ" እላለሁ።

አሁን ግን አናጢው ጣውላ ትቶ ከእንጨት ብናኝ በሙጫ የተጋገረ ቺፑድ ነው የሚቆርጠው፣ ያውም በማሽን፤ ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ። የሱ ብናኝ ለወፍ አይሆንም፣ ዓይናቸውን ያስለቅሳቸዋል። የኛ ጉዝጓዝ ታሽጎ በመኪና መምጣት ጀምሯል። እኔ ግን ባዶ ጆንያዬን ይዤ እሄዳለሁ። ጠርጌ እሞላና፣ ስመለስ ከአጥሩ ኋላ እደፋዋለሁ። ሰው ቢያየኝ ጤናዬን ይጠራጠር ነበር። ያንቺ ደብዳቤ የደረሰ ሰሞን ስሄድ ማሽኑን አጠፋና እንደ ልማዱ "ክፍሉ ታጠበ?" አለኝ። "በየማለዳው ይታጠባል" አልኩት። ውሸት አልተናገርኩም። ሲስቅ አብሬው ሳቅሁ፣ መንገድ ላይ ግን እንባዬ መጣ።

እንዳትከፊ ደግሞ። ቤቱ ጠቧችኋል፣ ክፍሉ ዝም ብሎ ተዘግቶ መቀመጡ ለማንም አይበጅም፤ እኔም ብሆን ይኸንኑ አደርግ ነበር። "አንዱ ክፍል" ያልሽውም እንዳይከፋኝ ብለሽ እንደሆነ አላጣሁትም። ሰው አንጀት ስለሌለው አይደለም የሚደብቀው። ጆንያው ለጊዜው አራት ይበቃሻል፤ አልጋው ወጥቶ ከሆነ አምስት።

ጋሼን ሳሉን ችላ እንዳይል ንገሪልኝ፣ ጫጩቶቹም ዘንድ ጉዝጓዝ ገልባጭ ሆኖ አይግባ፣ አቧራው አይስማማውም። ገልባጭነቱን ለእመቤቲቱ ስጫት፤ ማዘዝ ለለመደ ሰው ጫጩቶች ጥሩ ሠራዊት ናቸው። የትንሿን ድድ በጣትሽ ዳሰስ አድርጊና አጎትሽ ነው በያት። አክስታችንን ጉልበትሽን ይስማል በያት፤ ሁልጊዜ ከናንተ አስቀድማ ስለምታኮርፍ ሰላምታዬን ለሷ መጀመሪያ አድርሺ። አንቺን ደግሞ አገላብጬ እስማለሁ።

ለአሠሪዬ እስካሁን መልስ አልሰጠሁም፤ ያንቺን ነው የምጠብቀው። ዶሮዎቹን አታውጪ፣ አደራ። ከወፍ ጋር ማደር ለምጃለሁ፣ ጥግ ላይ ፍራሽ ብትጥዪልኝ ይበቃኛል። ስትጽፊልኝ "ክፍልህ" ካልሽኝ ጓዜን እሸክፋለሁ። ዳግመኛ "አንዱ ክፍል" ካልሽኝም ይገባኛል፤ እዚሁ እቀጥላለሁ፣ አልቀየምሽም።

ወንድምሽ

ከዶሮዎቹ ቤት ጎን ካለችው ክፍል
የካቲት 9 ቀን