ስለ ጋራ መጠቀሚያው ዲስክና በነሐሴ ስለደረሰው የበቆሎ ዘር

ለተከበሩ ጓድ ካሳሁን፣ የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ
አዋሳ፣ የካቲት 1979 ዓ.ም.

ክቡር ጓድ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው እያልኩ፣ ድካም የማያውቁት እጆችዎ ለጥቂት ሳምንት ዕረፍት እንዲያገኙ ከልብ እመኛለሁ። የዘር ማከፋፈያውን ፕሮግራም የጻፍኩት ታቢታ ነኝ። ይህንን በማስታወቂያ ሰሌዳ የለጠፍኩት ወደ ቢሮዎ የላክኋቸው ማመልከቻዎች መንገድ ሳይጠፋቸው ስላልቀረ ነው።

1. ፕሮግራሞቻችን ሁሉ ቀን ማስላትን የመሳሰለውን የጋራ ሥራ ከአንድ ዲስክ እንዲዋሱ ማዘዝዎ ብልህነት ነበር። ይበልጥ የሚደነቀው ግን ያንን ዲስክ ማንንም ሳይጠይቁ «በተሻሻለ» መተካትዎ፣ ምን እንደተለወጠ በጽሑፍ በማሳወቅ ፈንታ ሰኞ በውይይት ክበብ ማስጨብጨብዎ፣ የቀድሞውንም ቦታ እንዳያጣብብ ብለው ማጥፋትዎ ነው። እኛም አጨበጨብን፤ ምን እናድርግ?

2. አዲሱ ዲስክ ወራትን በፈረንጅ አቆጣጠር ይቆጥራል። ፕሮግራሜ ግን እንደ ማንኛውም የአገሬ ሰው ከመስከረም ተነሥቶ ስምንተኛውን ወር ሚያዝያ ይላል። ስለዚህ አምና ለቱላ ገበሬዎች በስምንተኛው ወር ይላክ የተባለው የበቆሎ ዘር በኦገስት፣ ማለትም በነሐሴ ተጫነ። በሚያዝያ ስጮህ ኮምፒዩተር እንደማይሳሳት በትዕግሥት አስተምረውኛል። ጳጉሜንን መሰረዝ አብዮቱ እንኳ ያልደፈረው ነገር ነው፤ እርስዎ በአንድ ሰኞ ጨረሱት፤ እናመሰግናለን።

3. ወይዘሮ ወርቅነሽ የተባሉ የቱላ እናት በሬ ለምነው፣ ማሳቸውን አለስልሰው፣ ዝናቡን ያለ ዘር አሳለፉት። ዓመቱን የገፉት ሳይደርስ በተነቀለ እንሰት ነው፤ የከርሞ ቀለባቸውን በሉት ማለት ነው።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቀድሞው ዲስክ ቅጂ ከአዲስ አበባ ይምጣልንና ፕሮግራሜ በእሱ ብቻ ይሥራ። የእርስዎን ማሻሻያ የሚፈልግ በፈቃዱ ይውሰድ። ዘንድሮም ሚያዝያ እየመጣ ነው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል፤ በቱላ ግን የሚታረም እንኳ አልበቀለም።

ለማይነቃነቀው ሥልጣንዎ ያለኝን ወሰን የለሽ አክብሮት እየገለጽኩ፣ እኔንም እስኪያሻሽሉኝ ድረስ ታዛዥዎ የሆንኩ፣

ታቢታ ሽበሺ

ማስታወሻ፦ በመጪው ሰኞ ስለ ዘሩ ግለ ሂስ እንዳቀርብ አዘውኛል። አዘጋጅቻለሁ፤ አጭር ነው፤ ጥፋቴ ጓድ ካሳሁን የሚሠሩትን ያውቃሉ ብዬ ማመኔ ነው ይላል። ወይዘሮ ወርቅነሽም ሊያዳምጡ ከቱላ ስለሚመጡ ከፊት ለፊትዎ ቦታ እንዲያዙላቸው በትሕትና እጠይቃለሁ፤ እሳቸው ግን እንደ እኔ በጨዋ ቃል እንደማይናገሩ ከወዲሁ ላስታውስዎ።