ያልተጠየቀችው ጽጌረዳ

ፔንላን መንደር፣ ሽሮፕሺር
ሜይ 4 ቀን 2019

ይድረስ ለእህቴ ለብሪጅት፣

«ከዚህ በላይ ስሙ የተጠቀሰው ተከራይ፣ በየዓመቱ በመጥምቁ ዮሐንስ ልደት ቀን፣ በጁን 24፣ በኪራይ ፈንታ ሊያቀርባት የሚገባውን አንዲት ቀይ ጽጌረዳ ለተከታታይ ስድስት ዓመታት ስላላቀረበ፣ አከራይዋ ወደ ተባለው ቤት ትገባለች፤ ውሉም ከነጭራሹ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።»

ይህን የጻፈልኝ ጠበቃሽ ነው። «የተባለው ቤት» ተወልደን ያደግንበት ቤት ነው። «ስሙ የተጠቀሰው ተከራይ» እኔ ወንድምሽ ነኝ። ያ ሁሉ ያረጀ ቃል ሲፈታ «ቤቱን ልቀቅ» ማለት ነው።

ሠላሳ ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ የድሮ ሰነድ አያስፈራኝም። አባባ ቤቱን ላንቺ ሲያወርስ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን እንድኖርበት ያስጻፈውን ውል ከሣጥን አውጥቼ ቃል በቃል አነበብኩት። ጠበቃሽ የዘለላት ሐረግ አለች፤ «አከራይዋ ራሷ ደጃፉ ላይ ቆማ ስትጠይቅ» ትላለች። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ማን ጠየቀኝ? ካልተጠየቅሁ የመስጠት ግዴታ የለብኝም። ክሱ ውድቅ ነው!

ይህንኑ ለጎረቤታችን ለወይዘሮ ግዊሊያም በኩራት አነበብኩላቸው። ሳቁብኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ ተምረህ የገዛ አባትህን ማንበብ አቃተህ?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ሲፈርም ምስክር ነበርኩ እኮ። ውሉን ያረቀቀው ጠበቃ ‹ሚስተር ፕሮሰር፣ በዚህ ዘመን በአበባ የሚከራይ የለም፣ እናውጣው› ቢለው፣ ‹ተዋት! ሁለቱም እልኸኞች ናቸው። በዓመት አንድ ቀን እንኳ ደጃፍ ላይ ፊት ለፊት ይቁሙልኝ› አለ።»

ቤት ገብቼ ውሉን እንደገና አነበብኩት። «ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ» የሚል አንቀጽ የለውም። እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ አባባን በቀበርን ማግስት።

ያም ሆኖ ክሱን አልቀበልም። ጽጌረዳዋ ከበሩ በስተግራ አለች፤ ዘንድሮ ቀድማ እንቡጥ ይዛለች። ለጠበቃ አልሰጣትም፣ በፖስታም አልልካትም። ውሉ «ራሷ» ስለሚል ራስሽ ነይና ጠይቂኝ። አንቺ ባለሽበት በዓለም ሌላኛው ጫፍ፣ በዌሊንግተን፣ ብርዱ ጀምሯል ይላሉ፤ ደረትሽን ጠብቂ፣ ፈጣሪ ጤናውን ይስጥሽ።

የምትመጪበትን ቀንና የባቡርሽን ሰዓት እስከ ጁን 1 ቀን ድረስ በጽሑፍ አሳውቂኝ። በራስሽ እጅ ያልተጻፈ መልስ አልከፍትም።

ከዚህ በላይ የተጠቀሰው ወንድምሽ፣
አልዊን