የቆላው መንገድና የአባባ ጾም

መጋቢት 8፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ሰንሰለቱን በናፍታ አጠብኩ። የጎኑን ሣጥኖች አራገፍኩ። መስታወቱን ወለወልኩ። ደብተሬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እያፈርኩ ነው የምጽፈው። ይህን ሞተር እወደዋለሁ። ለማንም ብነግር ይሳቅብኛል። ሴት ልጅ፣ ያውም ሰው ሲያናግራት መሬት የምታይ፣ ሞተር ምን ይሠራላታል?

አባባ የገዙት ከአንድ የሩቅ አገር መንገደኛ ነው። ሰውየው ዓለምን ሲዞርበት ኖሮ ላሊበላ ሲደርስ ታከተው፤ ሽጦ በአውሮፕላን ተመለሰ። በጣም ትልቅ ነው። የሰፈሩ ሰው "በቅሎው" ይለዋል። አባባ ድሮ ቤ/ክ አስጎብኚ ነበሩ። አሁን በሞተር አገር የሚያዩ እንግዶችን ከፊት ሆነው መንገድ ይመራሉ።

የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ከአ.አ. የሚመጡ አራት ሞተረኞችን ይዘው ወደ ሰቆጣ ይወርዳሉ። ከስንት ወር በኋላ የተገኘ ሥራ። ነገ መንገዱን አስቀድመው ሊያዩ ነው። ከኋላ ሰው ጭነው መሞከር ይፈልጋሉ። እማዬ፣ በዚህ ውፍረቴ እኔን የጫኑኝ እንደሆነ ሞተሩ ወረዳ ሄዶ ይከስዎታል አለች። ስለዚህ እኔ እሄዳለሁ።

ከሰባተኛ ክፍል ት/ቤት ካቆምኩ ሁለት ዓመቴ። ከስፌት መኪናዬ ርቄ አላውቅም። ነገ እሄዳለሁ።


መጋቢት 9፣ ማክሰኞ፣ 12 ሰዓት ሊሆን ሲል

ጽሕፈቴ ቢበላሽ አትፍረጂብኝ።

በጠዋት ወጣን። እስከ ብልባላ ብርድ ነበር። ከዚያ መንገዱ ወደ ቆላው ይወርዳል። በየጥምዝምዙ አየሩ ይለወጣል። መጀመሪያ ለብ አለ። ቆይቶ እንደ ምድጃ አፍ ሆነ። አባባ ቆሙና ጃኬታቸውን አወለቁ። በሸሚዝ ብቻ። ንፋሱ ያበርደኛል ብለው ነው። ለእኔም ትክክል መሰለኝ።

ሁዳዴ ነው። እስከ 9 ሰዓት እህል የለም፣ ውሃም የለም። ኮዳው ለመመለሻ ሣጥን ውስጥ ነው። እኔም አልቀመስኩም። ግን እኔ ነጠላዬን ተከናንቤያለሁ፣ ንፋሱንም የሳቸው ጀርባ ይከልልልኛል። እሳቸው ከፊት ናቸው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ጀርባቸውን ነካሁ። ቅድም በላብ ርሶ የነበረው ሸሚዝ ደርቋል። ገላቸው ይፋጃል። ልንደርስ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

"እነዚያን ከብቶች ከመንገዱ አርቂያቸው እንጂ" አሉኝ።

ከብት አልነበረም። ባዶ መንገድ ነው። ቀጥለው "አበባ" ብለው ጠሩኝ። አበባ የሞተችው እህታቸው ናት። ሞተሩ ወደ ገደሉ ጠርዝ ይሄዳል። ጮህኩ። እኔ፣ ጮህኩ። ፍሬኑን ያዙ።

አንድ ግራር ሥር አስቀመጥኳቸው። ኮዳውን ከፈትኩ። አናታቸው ላይ፣ አንገታቸው ላይ አፈሰስኩ። ዓይናቸው ክፍት ነው፣ ግን አያየኝም። ያኔ ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። ደግፌ ኮዳውን ከአፋቸው አስጠጋሁ። ጠጡ። ሕፃን ጡት እንደሚይዝ ይዘው ጠጡ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ለዩኝ። ከንፈራቸውን በጣታቸው ነኩ። ሰዓቱን ጠየቁኝ። ስድስት ተኩል አልኩ።

"ማነው ያጠጣኝ?"

"እኔ።"

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ፊታቸውን አዙረው መሬት መሬት አዩ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ ለማንም እንዳትነግሪ አሉ። ጥላው እስኪረዝም ተቀምጠን ተመለስን።


መጋቢት 10፣ ረቡዕ፣ 12 ሰዓት

9 ሰዓት ሆነ። እማዬ ሽሮውን አቀረበች። አባባ ለመታጠብ እጃቸውን አልዘረጉም። ከዛሬ ጀምሮ ጾሜ ፀሐይ እስክትጠልቅ ነው፣ እስከ ሆሳዕና ድረስ አሉ። ውሃም ጭምር።

እማዬ ሳቀች። "ኧረ ጉድ ነው፣ ባሌ ሊመነኩስብኝ ነው! ቆቡን ማን ሊሰፋልዎት ነው? ይቺው ልጅዎ?" እሳቸውም ትንሽ ፈገግ አሉ። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ሰምታ መረቀቻቸው፤ እንዲህ ያለ ሰው የሚያድርበት ቤት የተባረከ ነው አለች። እማዬ ደስ አላት። ኮራች።

እኔ ብቻ አውቃለሁ። ስለዚያ ውሃ ነው። አፋቸው ላይ ያስጠጋሁት ውሃ። ላድናቸው ብዬ ጾማቸውን አስገደፍኳቸው፤ አሁን ራሳቸውን እየቀጡ ነው።

የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ደግሞ ወደዚያው ቆላ ይወርዳሉ። እስከ ማታ ውሃ ሳይቀምሱ። ከኋላቸውም ማንም አይቀመጥም።

ስፌት አልያዝልሽ አለኝ። መርፌው ሁለት ጊዜ ተሰበረ።


መጋቢት 12፣ ዓርብ፣ 10 ሰዓት

ዛሬ ከአራቱ ሞተረኞች አንዷ ቀድማ መጣች። ሠናይት ትባላለች። የእማዬ እኩያ ትሆናለች። ፀጉሯ አጭር፣ ፊቷ አቧራ ብቻ። የጃኬቷ እጅጌ ተቀዶ ስለነበር አባባ ወደ እኔ ላኳት።

እየሰፋሁ እሷ ታወራለች። እኔ ዝም። ዝምታዬ አላስከፋትም። ጃኬቱ ወፍራም ነው፤ በልቤ ይህን ለብሳ በቆላ እንዴት ትሄዳለች አልኩ። ፊቴ ላይ አንብባው መሰለኝ፣ ሳልጠይቃት መለሰችልኝ።

"የሚሸውደን እሱ ነው፣ የኔ እህት። አየሩ ከገላሽ በላይ ከሞቀ ንፋሱ አያበርድሽም፣ ያበስልሻል።"

ጃኬት አይወለቅም። ከሥሩ የሚለበሰውን ሸሚዝ በውሃ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ ጃኬቱን ከላይ መዝጋት ነው። በእጅጌውና ባንገቱ ትንሽ አየር ይገባል፤ እርጥቡን እየነካ ያበርዳል። አንገት ላይ እርጥብ ጨርቅ። ሳይነጋ መነሳት፣ ከ5 ሰዓት በኋላ ጥላ መፈለግ። በየሰዓቱ መቆም። ሳይጠማ መጠጣት። ከሁሉ በላይ፣ ላብሽ ሲደርቅ ተመስገን እንዳትዪ አለችኝ። ያን ጊዜ ነው መፍራት።

አንድ የጉዞ ጓደኛቸው ነበር። በአንድ በረሃ መንገድ ላይ ላቡ ደረቀ። የሌለ ነገር ማየት ጀመረ። እየቀለደ መስሏቸው ሳቁ። ከሞተሩ ሲያወርዱት ሰውነቱ እሳት ነበር። ሆስፒታል አደረሱት። አላደረም።

መቀሱ ከእጄ ወደቀ።

መቀሱን እያነሳሁ፣ እርጥብ ልብስ ለብሶ ውሃ የማይጠጣ ሰውስ አልኳት። ሳቀች። ከውጭ ያረጠብሽውን ከውስጥ ካልሞላሽው ላቡ ከየት ይመጣል አለችኝ። ቀጥላ ትኩር ብላ አየችኝ። ማን ነው ውሃ የማይጠጣው?

ማንም አልኩ። ዋሸሁ። ብነግራት አባባን መንገድ ይምሩን አትላቸውም። ሥራው ይቀራል። በአገሩ ሁሉ ይወራል። ደግሞ አትንገሪ ብለውኛል።


መጋቢት 13፣ ቅዳሜ፣ ማታ 4 ሰዓት

ከአሮጌ ነጠላ የአንገት ጨርቅ ሰፋሁላቸው። አራት ንብር። ውሃ ነክሬ እኔው አንገት ላይ አስሬ ግቢውን ስዞር ቆየሁ። እማዬ ጉሮሮሽን አመመሽ ወይ አለችኝ። ፀሐይ ላይ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ቆየ።

ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ አባባ ጠዋት በልተው ጠጥተዋል። ፊታቸው ተመልሷል። ጨርቁን ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት። "ጎሽ የኔ ልጅ! አሁን አንገቴ ይጠጣልኛል፣ አፌ ምን ቸገረው?" ብለው ሳቁ። ከውጭ የነካ ውሃ ጾም አይሽርም አሉ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። "አባባ..." አልኩ። ወዬ አሉ። ቀና ብለው ሲያዩኝ ቃሉ ጠፋ። ስለ ሌላ ነገር ጠየቅኩ። ስለ ክሩ ቀለም።

እሳቸው ግን ገብቷቸዋል። እያዩኝ ሳይሆን ጎማውን እያዩ ነገሩኝ። የሳቸው አባት፣ አያቴ፣ መሪጌታ ነበሩ። ከላስታ እስከ አክሱም በእግራቸው ሲሄዱ በሁዳዴ ውሃ ቀምሰው አያውቁም። የሳቸው ልጅ በአንድ ቀን ፀሐይ ተሸነፈ ልበል ወይ አሉ።

አያቴ ጥላ ሲያገኙ ያርፉ ነበር። በሁለት ጉልበታቸው መሀል የሚነድ ሞተር አልነበረም። ይህን ያሰብኩት ክፍሌ ከገባሁ በኋላ ነው። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። መልሱ የሚመጣልኝ ሰው ከሄደ በኋላ።


መጋቢት 14፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ

የንስሐ አባታችን ቄስ ደምሌ ቤታችን መጡ። ጸበል ረጩን፣ ዳቦ ቆርሰው ባረኩ። እጃቸውን አስታጠብኩ።

"ይቺ ልጅ ድምፅዋን ለማን ነው የምታስቀምጠው? ለሠርጓ ቀን?" አሉ። ሁሉም ሳቀ። እማዬ፣ አባ፣ እርስዎ ካገኙላት እኛም እንሰማው ነበር አለች። ፊቴ ጋለ። ማስታጠቢያውን ይዤ ወጣሁ። ግን ከበሩ አልራቅኩም።

ቄስ ደምሌ ስለ ሌላ ሰው ያወራሉ። ሳያማክራቸው ለራሱ ስግደትና ጾም ሲያበዛ ስለታመመ አንድ ሽማግሌ። ቀኖና የሚሰጥ የንስሐ አባት ነው አሉ። በገዛ እጅ ቀኖና ማብዛት ሐኪም ሳያይ መድኃኒት እንደመዋጥ ነው። ሕመምተኛም፣ መንገደኛም ቢሆን መጠየቅ ነው፤ ለዚህ ነው እኛ ያለነው አሉ።

በበሩ ስንጥቅ አባባን አየኋቸው። ዳቦውን በእጃቸው ያደቅቃሉ። ቄስ ደምሌ ጾሙ እንዴት ይዞሃል ብለው ጠየቋቸው። "ደህና ነው አባ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

አባባ አይናገሩም። አፍረዋል። እኔ ዓይን አፋርነቴን ከማን እንደወረስኩ ዛሬ አወቅኩ።


መጋቢት 16፣ ማክሰኞ፣ 11 ሰዓት

የቀሩት ሦስቱም ሞተረኞች ገቡ። ግቢው ሞተር ብቻ ሆነ። ነገ ዕረፍት ነው፤ ከነገ ወዲያ ንጋት ላይ ይነሳሉ።

ስምንት ሰዓት ላይ አባባ ሣጥኖቹን እየጫኑ ነበር። ፀሐይ ናት፣ ግን የእኛው የደጋ ፀሐይ። ሞተሩን ከመቆሚያው ሊያነሱ ሲሉ እጃቸው ከዳቸው። ሞተሩ ወደቀ። እሳቸውም አብረው። እግራቸው ለጥቂት ከሥሩ ተረፈ። ሠናይትና ሌላው ሮጠው አነሱት። አባባ አቧራቸውን እያራገፉ "በቅሎው ዛሬ አኮረፈ" አሉ። ሰዉ ሳቀ። እማዬ አልሳቀችም። ሠናይትም አልሳቀችም፤ ወደ እኔ አየች።

አጠገባቸው ነበርኩ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ቤታቸው ግቢ ውስጥ፣ ብርድ አገር፣ እንዲህ ከሆኑ እታች ምን ሊሆኑ ነው? ገደሉን አየሁት። ዓይኔን ስጨፍን አሁንም አየዋለሁ።

ጓዳ ገብቼ አሰብኩ። ለእማዬ ብነግር ትጮሃለች፤ አባባ ይብስ ዝም ይላሉ። ለሠናይት ብነግር ሥራቸውን አሳጣለሁ፣ አዋርዳቸዋለሁ። ራሳቸውን ብለምን የቅዳሜው ይደገማል። እሳቸው እምቢ የማይሉት አንድ ሰው ብቻ ነው።

ግን ለማንም አትንገሪ ብለውኛል። ይህ ነው ያሰረኝ። ስምንት ቀን ሙሉ አሰረኝ። አሁን እየጻፍኩ ሳለ ነው የገባኝ፤ የሳቸውን ምሥጢር መናገር የለብኝም። የራሴን ጥፋት ግን ለንስሐ አባቴ ልናገር እችላለሁ። ጾመኛ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ኃጢአት ከሆነ የእኔ ነው። ቀኖናውም ለእኔ ይሁን። እስከ ፋሲካ እሰግዳለሁ። እሳቸው ግን ውሃ ይጠጡ።

አባባ ይቀየሙኝ ይሆናል። ከኋላቸው ዳግመኛ አያስቀምጡኝ ይሆናል። እንደዚያም ቢሆን።

ነገ ከኪዳን በፊት እወጣለሁ። እማዬን ቤ/ክ ነው የምሄደው እላታለሁ፣ ውሸት አይደለም። ቄስ ደምሌ ጸሎቱን ጨርሰው ሲወጡ በሩ ላይ እቆማለሁ። ሰው ቢኖርም። የምለውን እዚህ እጽፈዋለሁ፣ እንዳይጠፋብኝ፦ "አባቴ፣ ጾመኛ ውሃ አጠጥቻለሁ። በእኔ ምክንያት አባቴ እስከ ማታ ይጾማሉ። ሐሙስ ቆላ ይወርዳሉ። ሳይወርዱ አስጠርተው ጠጣ ይበሏቸው።" አምስት ጊዜ አነበብኩት። በሹክሹክታ ይወጣል።

እዚያ ስደርስ ባይወጣልኝ፣ መስቀሉን ከተሳለምኩ በኋላ የቀሚሳቸውን ጫፍ እይዛለሁ። እስኪወጣልኝ ድረስ አልለቅም።