እሜቴን ነድታችሁ አምጡ ላሉን ክቡር ኃላፊ

ለከተማ ጽዳትና ውበት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ፊርማዎን የሚያኖሩበት ቀኝ እጅዎ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በደጅዎ በተመላለስን ቁጥር «ኃላፊው አልተመቻቸውም» እየተባልን ስለምንመለስ ቤተሰባችን በሙሉ ስለ ጤናዎ ከልብ ተጨንቋል። እኛ ከእሜቴ በቀር ሁላችንም ደኅና ነን። እሜቴ ግን በግቢዎ ውስጥ፣ በተሰባበሩ የመንገድ መብራቶችና በአሮጌ የቆሻሻ ገንዳዎች መካከል፣ በር፣ መሪና ሞተር ሳይኖራት ዝናብ እየጠጣች ትገኛለች።

ይህ ሁሉ ጩኸት ለማን እንደሆነ አንባቢ ይረዳ ዘንድ ባጭሩ ላስረዳ። እሜቴ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ክብ መብራቶች ያሏት፣ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቀለም የተቀባች ትንሽ የቤት መኪና ናት። የአውቶቡስ ሹፌር የነበረው አባታችን ዶሮ ማደሪያ ሆና አግኝቷት፣ ዶሮዎቹን በትሕትና አስወጥቶ፣ እናታችንን ወንበር እያሰፋ፣ ወንድሞቼን ዝገት እያስፋቀ፣ እኔን ባትሪ እያስያዘ እንደገና ወለዳት። ስሟንም ያወጣላት እሱ ነው፤ ደጋግመው ካልለመኗት አትነሳምና።

አባታችን ሊሞት ሲል ያደረገውን ነገር ጽሕፈት ቤትዎ ሊረዳው ስላልቻለ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ እጽፋለሁ። ሁለቱ ወንድሞቼ፣ በሕመሙ ጊዜ ማን ይበልጥ ደከመለት በሚል፣ ገና እሱ በሕይወት እያለ ተኳርፈው ነበር። እሱም አይቶ እንዳላየ ሆኖ መኪናዋን አስፈታትቶ አካፈለን፦ ሞተሩን ለቶርኖ ሠራተኛው ለታላቅ ወንድሜ፣ ካምቢዮውን ነርስ ለሆነው ለታናሹ፣ በሮቹን ለእህቱ ለአክስታችን፣ ወንበሮቹን ለእናታችን፣ መሪውንና መብራቶቹን ለእኔ። ባዶ አካሏ ከነጎማዋ በእናታችን ግቢ እንድትቀመጥ ሆነ። «ሙሉዋን የያዘ ሰው ሌላውን አይጠራም» ነበር ያለው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሁላችንም ድርሻችንን ተሸክመን እንሰበሰባለን፤ እሜቴን ገጣጥመን፣ ታጭቀንባት ሰፈሩን እንዞርና፣ መልሰን ፈታተን እንበተናለን። በቀረው ጊዜ ሞተሩ በታላቅ ወንድሜ ሳሎን ጥልፍ ለብሶ፣ ቴሌቪዥን ተሸክሞ ይኖራል። የአክስታችን በሮች ኮሪደሯ ውስጥ ተደግፈው ይኖራሉ፤ ቤቱ ሲሞቃት የአንዱን መስታወት ዝቅ ታደርጋለች፤ ምን እንደሚጠቅማት ደፍሮ የጠየቃት የለም። በእኔ መሪ ላይ ደግሞ ባለቤቴ ኮቱን ይሰቅላል።

የወንድሞቼ ኩርፊያ ዛሬም አልበረደም። ሞተርና ካምቢዮ ግን የሚጋጠሙት በሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ደግፎ ካልያዘ ሌላው ማሰር አይችልም። ስለዚህ በዚያች ቅዳሜ «ያዝ»፣ «ልቀቅ»፣ «ትንሽ ወደ አንተ» ይባባላሉ። እናታችን አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ክቡር ሆይ፣ እናታችን ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው እነዚያን ጥቂት ቃላት ነው፤ እርስዎ የወሰዱባትም እነሱን ነው። ይህን በቀልድ መናገር አልቻልኩም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

አንደኛ፤ ሳንጠራችሁ ቤታችን ድረስ ስለመጣችሁልን እናመሰግናለን። እናታችን ብቻዋን በነበረችበት ረፋድ እሜቴን «የተጣለ ብረት» ብለው ሊወስዱ ክሬን ይዘው የመጡት ሠራተኞችዎ መግቢያው ቢጠባቸው የግቢውን በር ነቅለው አጥር ላይ አስደግፈውልናል፤ ስለዚህ በቤተሰባችን ተፈትቶ የሚኖረው ንብረት አንድ ጨምሯል። እናታችን መኪናዋ የልጆቿ እንደሆነች፣ የቀረው አካሏም በየቤታቸው እንዳለ ብትነግራቸው፣ አለቃቸው «እማማ፣ በር የሌለው መኪና መኪና አይባልም» ብሎ አስተምሯታል። እንግዲህ ግቢያችንም ዛሬ በር የለውምና፣ ግቢ መባሉ ቀርቶ እንደሆነ በደብዳቤ ቢያሳውቁን ደስ ይለናል። እሷ ግን ቀለሙን እንዳይጭሩት ለምና፣ ውሃ አጠጥታ ሸኘቻቸው።

ሁለተኛ፤ በመስኮት ቁጥር ሦስት ስለተሰጠን ጥበብ የተሞላበት መመሪያ ምስጋናችን ወደር የለውም። ባለመስኮቷ ማመልከቻችንን ከዳር እስከ ዳር ካነበበች በኋላ፣ እሜቴ የተጣለ ብረታ ብረት ሳትሆን መኪና መሆኗን እንድናረጋግጥ፣ ለዚህም ማረጋገጫ «ነድታችሁ አምጧትና እንለቅላችኋለን» ብላናለች። የምትነዳዋ ያለችው በእናንተው ግቢ እንደሆነ ብናስረዳትም ሕግ ሕግ ነው አለችን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል ሰምተን ነበር፤ ላሚቱን አስሮ ወተቷን አምጡ የሚል ጽሕፈት ቤት ግን ሲገጥመን ይህ የመጀመሪያችን ነው። ሞተሩን ብቻውን እየነዳችሁ ኑ ማለታችሁ ከሆነ ታላቅ ወንድሜ ቴሌቪዥኑን አውርዶ ለመሞከር ፈቃደኛ ነው።

ፎቶግራፍም ተጠይቀን ነበር። እዚህ ላይ ጥፋቱ የራሳችን እንደሆነ አምናለሁ። የቤታችንን ፎቶዎች ሁሉ ብናገላብጥ፣ እሜቴ ሙሉ ሆና በቆመችባቸው ላይ ሁላችንም ከፊቷ ተደርድረን፣ አክስታችን በሰፊው ቀሚሷ ግማሹን፣ እኛ የቀረውን ከልለናታል። የሚታየው አንድ መብራትና የአንድ ጎማ ጥግ ነው። ባለመስኮቷ አንድ በአንድ አይታ፣ ቤተሰቡ ቤተሰብ መሆኑን ያለ ጥርጥር እንደምታምን፣ ከኋላው ያለው ግን ማንኛውም ነገር ሊሆን እንደሚችል ነግራናለች። ለእናታችን ፈገግታም አድናቆቷን ገልጻለች፤ በእግዜር ይስጥልኝ ተቀብለናል።

ሦስተኛ፤ ወደ ላይኛው ፎቅ ስንላክ ያገኘነው ባለሙያ ደግሞ፣ ቦዲ ሳይኖር በግለሰብ ሳሎን የሚገኝ ሞተር ከየት እንደመጣ መጣራት እንዳለበት በአባታዊ ድምፅ መክሮናል። ስለዚህ በታችኛው ፎቅ ሞተር የሌላት እሜቴ ቆሻሻ ናት፤ በላይኛው ፎቅ ደግሞ እሜቴ የሌለችው ሞተር የሌብነት ምልክት ነው። እኛም ደረጃውን ወጥተን እስክንወርድ ድረስ ቆሻሻ ጣይ መሆናችን ይሁን ሌባ መሆናችን ሳይለይልን ቀርቷል። በመካከለኛው ፎቅ ምን እንደሆንን ለመጠየቅ ድፍረት አጣን።

አራተኛ፤ በግቢዎ መግቢያ በስተግራ፣ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ስለሚገኘው የጽሕፈት ቤትዎ የቆሻሻ መኪና ዝም ማለት ውለታ ቢስነት ይሆንብኛል። ሳር በቅሎበታል፤ የዘበኛው ዶሮ እንቁላል ጥላበታለች፤ ሾፌሩ ጡረታ ወጥቶ ከልጅ ልጁ ጋር ሊጎበኘው እንደሚመጣ ዘበኛው አጫውቶናል። ይህ መኪና ለምን የተጣለ ብረት እንዳልተባለ ብንጠይቅ፣ በጥገና ላይ ነው ተባልን። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ብሎ የሚተርት ሰው በመካከላችን ነበር፤ እኔ ለክብርዎ ስል አክስቴን ዝም አሰኝቻታለሁ።

አምስተኛውንና ስድስተኛውን ትቼዋለሁ፤ ምስጋና ሲበዛ ማቆለጳጰስ ይመስላል። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እንድጽፍ ያስገደደኝ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ የለጠፋችሁት ወረቀት ነው። እሜቴ ከተቆራረጡ የብረት አጥሮችና ከገንዳዎቹ ጋር በአንድ ተጠቃልላ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ብረት ማቅለጫ እንደምትሄድ ይናገራል። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ዝገት የፋቀላት መኪና የበር እጀታና የፌሮ ቁራጭ ሆና ስትወጣ ለማየት እናታችንን ይዘን መምጣት አንችልም።

ስለዚህ መመሪያዎን ቃል በቃል ልንፈጽም ወስነናል። ነድታችሁ አምጡ ብላችኋል፤ ከግቢዎ ነድተን እናወጣታለን። በመጪው ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞተሩ በጋሪ፣ በሮቹ በታክሲ ጣሪያ ላይ፣ ወንበሮቹ በትከሻ፣ መሪው በአንገቴ ሆኖ በደጅዎ እንገኛለን። እዚያው ገንዳዎቹ መካከል እንገጣጥማታለን። ለእናታችን በርጩማ ይዘን ስለምንመጣ አይቸገሩ፤ የምንጠይቅዎ ጥላ ያለበት ቦታ ብቻ ነው። እሜቴ ቶሎ ባትነሳ ደግሞ አይደናገጡ፤ መለመን በእርስዎ ደጅ በሚገባ ተለማምደናል።

አንድ ነገር ግን አልደብቅዎትም። ወንድሞቼ ሁለቱም እንደሚመጡ ይህን ስጽፍ እርግጠኛ አይደለሁም። ቀኑ የተለመደው ቀናችን አይደለም፤ ቦታውም የቤታችን ግቢ አይደለም፤ ኩርፊያ ደግሞ ሰበብ አያጣም። አንዱ ከቀረ ሌላው ብቻውን አያስራትም፤ እርስዎም ያለ አንዳች ድካም ይረታሉ።

ዕድሜዎን እንዲያረዝምልዎት፣ ወንበርዎም እግሩ እንዳይላላ እየተመኘሁ፣ በመስኮቶችዎ፣ በደረጃዎችዎና በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ፊት ካለቀው አክብሮቴ የተረፈችኝን ጥቂት እነሆ በሁለት እጄ አቀርባለሁ።

የመሪውና የመብራቶቹ ባለአደራ፣
የቤቱ የመጨረሻ ልጅ

ግልባጭ፦
ለሞተሩ ባለአደራ
ለካምቢዮው ባለአደራ (ስለማይነጋገሩ ለየብቻ የተላከ)
ለግቢዎ ዘበኛ፣ ለጨዋነቱ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከፈረምኩ በኋላ ታላቅ ወንድሜ ለታናሹ ስልክ ደወለ። አባታችን ከሞተ ወዲህ ከሞተሩ ውጭ በሆነ ጉዳይ ሲነጋገሩ ይህ የመጀመሪያቸው ሲሆን፣ ጉዳዩም እርስዎ ነበሩ። ታናሹ እናታችን ቤት ስለነበር የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። የተባባሉትን ልጽፈው አልችልም፤ የሚያትመው ጋዜጣም አይገኝም። እናታችን በቤቷ ስድብ አስገብታ የማታውቅ ሴት ናት። ያን ዕለት ግን ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸው፤ አልገሠጸቻቸውም። ሲጨርሱም፣ ስለ እርስዎ የረሱት ነገር እንዳለ ነግራቸው፣ እሷው ጨመረችበት።